እንቁላሉ አቼቶ ውስጥ አድሮ አበጠ፤ ውሃው በየት ገባ?

የኪያ እናት | ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ስለ ኦስሞሲስ እየተማሩ ነው። መምህራቸው ቤት ሄዳችሁ እንቁላል አቼቶ ውስጥ አስቀምጡ ብሏቸዋል። አንድ የፈረንጅ እንቁላል ወሰድን። ጎረቤታችን ኬክ ስለምትጋግር ሚዛን አላት፤ እሷ ቤት ሄደን መዘንነው፣ 58 ግራም። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተን አቼቶ ሞላንበት። ወዲያው ቅርፊቱን ትንንሽ አረፋ አለበሰው። ማታ አቼቶውን ቀየርንለት። በሁለተኛው ቀን ቅርፊት የሚባል ነገር የለም። ሲዳሰስ ውሃ የሞላ ፊኛ ነው የሚመስለው። ስልኬን አብርቼ ከኋላው ስይዝለት አስኳሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። መልሰን መዘንነው። 81 ግራም!

ቅርፊቱ ሄዶ ክብደቱ እንዴት ይጨምራል? ኪያ "ውሃ ገብቶበት ነው" አለችኝ። በየት በኩል? ቀዳዳ የለውም። ሳገላብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ደብተሯ ላይ "ውሃ ከፊል አሳላፊ በሆነ ሽፋን አልፎ፣ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ይሄዳል" ይላል። ሸምድዳዋለች። ከዚያ ግን "እማ፣ ውሃው ወዴት መሄድ እንዳለበት በምን ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። መልስ አጣሁ።

የጠመኔ አቧራ | ማክሰኞ ማታ 2፡48

እህቴ፣ ኪያን ሳሚልኝ። ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ይሄን ጥያቄ የጠየቁኝ ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መልሱ፦ ውሃው አያውቅም።

የውሃ ሞለኪውሎች ዕረፍት የላቸውም። ሁልጊዜ ይራወጣሉ፣ ይጋጫሉ። ሽፋኑን ከሁለቱም በኩል ያለማቋረጥ ያልፋሉ፤ ይገባሉም ይወጣሉም። ነገር ግን በአንዱ በኩል ስኳር ወይም ጨው ወይም ፕሮቲን ሟሙቶ ካለ፣ በዚያ በኩል ያለው ውሃ የማምለጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የገባውንና የወጣውን ብንቆጥር እኩል አይመጣም። ወደ ወፈረው በኩል የሚገባው ይበልጣል። ኦስሞሲስ የምንለው ይሄን ልዩነት ነው። የሚጠራ የለም፣ የሚስብም የለም። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፤ ገቢው ከወጪው በለጠ ማለት ነው።

አቼቶ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ ገደማ ውሃ ነው። እንቁላሉ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን ታጭቋል። አረፋው የመጣው ከቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ልክ እንደ ኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲዱ ሲበላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ይሄን ነገር መጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ዣን አንቷን ኖሌ ነው፣ በ1748። ትንሽ ጠርሙስ አልኮል ሞላና አፉን በእንስሳ የሽንት ፊኛ ወጥሮ አሰረው። ከዚያ ውሃ ውስጥ አጠለቀው። ከሰዓታት በኋላ ፊኛው ወደ ውጭ ተወጥሮ አገኘው። በመርፌ ሲወጋው ፈሳሹ ተስፈነጠረ። ኦስሞሲስ የሚለው ስም የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቶማስ ግራሃም በ1854 አወጣለት።

ላብራቶሪ ነኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

መምህር ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ኪያ ፈተና ላይ እንዳትሳሳት።

የእንቁላሉ ቆዳ የሴል ሽፋን አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቆዳ ከፕሮቲን ክር የተሸመነ ነው፤ ወፍራም ነው፣ በዓይን ይታያል። ውሃና ትንንሽ ነገሮችን ያሳልፋል፣ ትልልቆቹን ፕሮቲኖች ያስቀራል። የሴል ሽፋን ግን ሌላ ዓለም ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶ ሺኛ እንኳ አይሞላም። የተሠራው ደግሞ ከሁለት ረድፍ ቅባት ነው። ጎርተርና ግሬንደል የሚባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1925 ከቀይ የደም ሴሎች ላይ ቅባቱን አውጥተው ውሃ ላይ ዘረጉት። ስፋቱን ሲለኩት ከሴሎቹ ገጽ እጥፍ ሆነ። ሁለት ረድፍ መሆኑን ያወቁት በዚያ ነው። እንቁላሉ ጥሩ ማሳያ ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ የሚታየው ማበጥ ብቻ ነው፤ ቁጥጥሩ አይታይም።

ጠያቂው | ማክሰኞ ማታ 3፡12

ቆይ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም። ሽፋኑ ቅባት ከሆነ ውሃ እንዴት ያልፈዋል? ዘይትና ውሃ መች ይስማማሉ? ወጥ ላይ ያለው ዘይት እንኳ ተለይቶ ነው የሚንሳፈፈው።

ላብራቶሪ ነኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ሳይንቲስቶቹም ለብዙ አስርት ዓመታት የተከራከሩት በዚሁ ነው።

ውሃ ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ በቅባቱ መሃል ቀስ እያለ ሾልኮ ያልፋል። ይሄ እውነት ነው። ግን ቀይ የደም ሴልና የኩላሊት ሴል ውሃ የሚያሳልፉበት ፍጥነት በዚህ ብቻ አይገለጽም። ሌላ በር መኖር አለበት ተብሎ ተገመተ። በሩን ግን ማንም አላየውም።

በሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፒተር ኤግር አርኤች ስለሚባለው የደም ዓይነት ፕሮቲን እያጠና ነበር። ናሙናው ውስጥ ያልፈለገው ሌላ ፕሮቲን በብዛት ይመጣበታል። ቀይ የደም ሴል ላይ ሞልቷል፣ ኩላሊት ላይም አለ፤ ሥራው ግን አይታወቅም። በኋላ የውሃ በር ሊሆን ይችላል ብለው ሊፈትኑት ወሰኑ። ፈተናውን በጣም ነው የምወደው። የእንቁራሪት እንቁላል ወሰዱ። እንቁራሪት ኩሬ ውስጥ ነው እንቁላል የምትጥለው፤ ስለዚህ እንቁላሉ ውሃ በቀላሉ አያስገባም። ቢያስገባማ ፈንድቶ ያልቅ ነበር። ለግማሾቹ ያንን ፕሮቲን የሚያሠራ መልእክት በመርፌ ሰጧቸው፣ ግማሾቹን ያለ መልእክቱ ተዉአቸው። ከዚያ ሁሉንም በቀጠነ ውሃ ውስጥ አስቀመጧቸው። መልእክቱን ያላገኙት እንደነበሩ ቆዩ። ያገኙት በደቂቃዎች ውስጥ አብጠው ፈነዱ። ይሄ የታተመው በ1992 ነው። ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ። ኤግር በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተካፈለ።

አንዱ አኳፖሪን በሰከንድ እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርስ የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል። በሰልፍ ነው፣ አንድ በአንድ። በሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ ጨው አያልፍም። የሚገርመው ደግሞ ትንሿ የሃይድሮጂን ቅንጣት፣ ፕሮቶን እንኳ አያልፍም። ፕሮቶን ከውሃ ጋር ተጎትቶ ቢገባ ሴሉ ኃይል የሚያመርትበት ሥርዓት ይፈርስ ነበር። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ጠያቂው | ማክሰኞ ማታ 3፡46

አሁን ገባኝ። ስለዚህ ሴሉ ውሃ ሲጠማው በሩን ከፍቶ ይስባል፣ ሲበቃው ይዘጋል።

የጠመኔ አቧራ | ማክሰኞ ማታ 4፡15

ወዳጄ፣ ከዚህ ጋር ትንሽ ቆይ። አብዛኛው ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

በሩ አቅጣጫ አይወስንም። አኳፖሪን ቀዳዳ ብቻ ነው። ውሃ በፍጥነት እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ ግባ ወይም ውጣ አይለውም። ሴል ውሃን አንስቶ የሚወረውርበት ፓምፕ የለውም። ታዲያ ውሃን እንዴት ይቆጣጠራል? ጨውን በማንቀሳቀስ ነው። ጨው የሄደበት ውሃ ተከትሎ ይሄዳል። ሐኪሞችም ይሄንኑ ነው የሚሉት።

እያንዳንዱ ሴልሽ ላይ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ አለ። ዴንማርካዊው የንስ ስኮ በ1957 ነው ያገኘው፤ ኖቤሉን እስኪያገኝ 40 ዓመት ጠበቀ፣ በ1997። ፓምፑ በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ለዚህም ኃይል ይከፍላል። ለምን ይለፋል? ሴል ውስጥ መውጣት የማይችሉ ፕሮቲኖችና ሌሎች ነገሮች አሉ። እነሱ ስላሉ ውሃ ሁልጊዜ ሊገባ ይቃጣዋል። ፓምፑ ሶዲየሙን እያወጣ ሚዛኑን ይጠብቃል። ደም ሲቋረጥና ኃይል ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል። ሶዲየም ገብቶ ይከማቻል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሉ ያብጣል። በስትሮክ የተጎዳ አንጎል የሚያብጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጠያቂው ያልከው ነገር ግን ኩላሊት ላይ በከፊል ልክ ነው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ነው። ቀሪው ይመለሳል፤ አብዛኛው የሚመለሰው ጨው እየተመለሰ ውሃው ስለሚከተለው ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ቫሶፕረሲን የሚባል ሆርሞን አለ። ውሃ ስታጣ አንጎልህ ይሄን ይለቃል። የኩላሊቱ ሴሎች በከረጢት ሸሽገው ያስቀመጧቸውን አኳፖሪኖች አውጥተው ገጻቸው ላይ ይተክላሉ። በሩ ተከፈተ፣ ውሃው ተመለሰ፣ ሽንቱ ወፈረ። ጠዋት ሽንትህ ለምን እንደሚጠቁር አሁን አወቅህ። ግን እዚህም አስተውል፤ ውሃው በተከፈተው በር የሚያልፈው ከበሩ ማዶ የኩላሊቱ ሥጋ ጨዋማ ስለሆነ ነው።

የኪያ እናት | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ኪያ ሁሉንም አነበበችው። "ሴል ውሃን አይገፋም፣ ጨውን ነው የሚገፋው" ብላ ደብተሯ ላይ በቀይ ጻፈችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ ጠዋት 2፡05

እኔ ነርስ ነኝ። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ይሄ ክር ላይ ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም።

ሰው ታሞ ሲተኛ ሁሉም "ግሉኮስ ተሰክቶለታል" ይላል። ብዙ ጊዜ የተሰቀለው ግሉኮስ አይደለም፣ ኖርማል ሳላይን ነው። በሊትር 9 ግራም ጨው። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። ከደማችን ውፍረት ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ንጹሕ ውሃ በደም ሥር ቢገባ ቀይ የደም ሴሎች ውሃ ጠጥተው ይፈነዳሉ። በጣም ጨዋማ ቢገባ ደግሞ ጨምደድ ብለው ይሸበሸባሉ። ተማሪ እያለሁ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ቀዩ ሴል ክብ እየሆነ፣ እየሳሳ ይሄድና ድንገት ከዓይን ይጠፋል።

የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ግን የኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት ነገር ነው።

አንድ ሌሊት አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ተቅማጥ ሦስተኛ ቀኑ ነው። "ኦአርኤስ እየሰጠሁት ነው፣ ግን ባሰበት" አለችኝ። እንዴት እንዳዘጋጀችው ጠየቅኋት። ሙሉውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣው ነው። "ጠንከር ብሎ እንዲረዳው ብዬ" አለች። የሰጣት ሰው እንዴት እንደሚበጠበጥ አልነገራትም። ልጁ ጥማት ይዞት እጄን ይዞ ብርጭቆውን ይስብ ነበር። አፉ ደርቋል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም።

አስቡት። ፓኬቱ የተሠራው ለ1 ሊትር ነው። በትክክል ሲበጠበጥ ውፍረቱ፣ ማለትም በሊትር የሟሟው ነገር መጠን፣ በሕክምና ልኬት 245 ነው፤ የደማችን 290 ገደማ ነው። ስለዚህ ከደም ትንሽ ይቀጥናል፣ ውሃው ወደ ሰውነት ይገባል። በአንድ ብርጭቆ ሲሆን አራት እጥፍ ይወፍራል፣ ወደ 980 ይደርሳል። ያኔ አንጀቱ ውስጥ ያለው ከደሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ወፈረ። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ! በዚያ ላይ ደሙ ውስጥ ጨው ይበዛል። ያ ልጅ ተረፈ፣ ተመስገን። ግን ያቺን እናት ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ያልተነገራትን ከየት ታምጣ?

የጠመኔ አቧራ | ረቡዕ ጠዋት 4፡30

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። ኦአርኤስ ውስጥ ስኳር ለምን እንዳለም ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ለጣዕም ይመስለዋል።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ 10፡15

ተኝቼ ተነሳሁ። እሺ መምህር።

ስኳሩ የጨው ቁልፍ ነው። የትንሹ አንጀት ሴሎች ላይ ግሉኮስንና ሶዲየምን አብሮ የሚያስገባ በር አለ። አንዱ ብቻውን አያልፍበትም። አንድ ግሉኮስ ከሁለት ሶዲየም ጋር ይገባል፣ ውሃ ይከተላቸዋል። ይሄን ያቀረበው ሮበርት ክሬን ነው፣ በ1960።

ኮሌራ የሚገድለው በዚሁ በጨው መንገድ ነው። መርዙ የአንጀት ሴሎች ላይ ያለውን የክሎራይድ መውጫ በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃ ሁለቱን ይከተላል። ከባድ ሲሆን አንድ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን ያ የግሉኮስና የሶዲየም መግቢያ በር አይነካም። ሰው ሁሉ በአንድ በር ሲወጣ ሌላው በር ለመግባት ክፍት ነው። ኦአርኤስ በዚያ በር ነው የሚገባው።

በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ቦንጋኦን የተባለችው የሕንድ ከተማ ላይ ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚሰቀል ፈሳሽ አለቀበት። በሽተኞች መሬት ላይ ተኝተዋል። እሱና ባልደረቦቹ ጨውና ግሉኮስ በከረጢት እየመዘኑ፣ በውሃ እየበጠበጡ ለቤተሰብ ሰጡ፤ እናት ለልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ አጠጣ። ከመቶ 30 ይሞት የነበረው ከመቶ 4 በታች ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ስለዚህ ግኝት ሲጽፍ፣ ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እርምጃ ነው አለ።

አሁን እባካችሁ ይሄን ያዙ። አንድ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ማለት ነው። ስኳር አትጨምሩ። ማርም አትጨምሩ። በለስላሳ አትበጥብጡ። ለስላሳ በሊትር ወደ 100 ግራም ስኳር አለው፤ ኦአርኤስ ያለው 13.5 ግራም ነው። ፓኬት ከጠፋ፣ 1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልጁ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የበጠበጣችሁት ካደረ ድፉት። ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ደግሞ አትጠብቁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ሙሉ ጓዳ | ረቡዕ 11፡02

እናቴ ኦአርኤስ ስትበጠብጥልን ሁልጊዜ ሁለት ማንኪያ ስኳር ትጨምር ነበር፣ ጣዕሙን እንድንወደው። ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ። አሁን የእህቴን ልጆች እሷ ናት የምትይዘው።

እኔ ከማውቀው ከጓዳ አንድ ልጨምር። ሰላጣ ላይ ጨው ቀድሞ ከገባ ቲማቲሙ ውሃ ይተፋል። እንግዳ ሊበላ ሲቀርብ ሳህኑ ሥር ሾርባ ሆኗል። ቋንጣም እኮ እንዲሁ ነው። ዘልዝለን ጨውና ሚጥሚጣ ስንለውሰው መጀመሪያ እርጥበት ያወጣል። ባክቴሪያውም እዚያ ላይ ሲያርፍ የራሱን ውሃ ይነጠቃል ማለት ነው?

ላብራቶሪ ነኝ | ረቡዕ 11፡20

አዎ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ማርም ሳይበላሽ ዓመታት የሚቆየው በአብዛኛው በዚህ ነው። ጠጅ ለመጣል ውሃ የምንጨምርበት ለዚህ ነው፤ ማሩ ካልቀጠነ እርሾው መሥራት አይችልም።

የጎዛምን ልጅ | ረቡዕ ማታ 1፡30

ይሄን ሳነብ የአባቴ በቆሎ ትዝ አለኝ።

አንድ ክረምት ዝናብ ዘገየ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል። አባቴ "ዩሪያ ይብላና ይነሳ" ብሎ እፍኝ እፍኝ አድርጎ ከአገዳው ሥር አስጠግቶ በተነው። እኔም አብሬው ነበርኩ። አፈሩ ደረቅ ነው። ትንሽ ካፊያ መጣና ዩሪያውን አሟሟው፣ ከዚያ ለሳምንት ጠፋ። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እሳት እንደ ላሰው ሆነ። መንደሩ ሁሉ "ማዳበሪያው የተበላሸ ነው" አለ። አባቴ የሸጠለትን ሰው ለወራት አላናገረውም።

አሁን ሳስበው ማዳበሪያው ደህና ነበር። ሥሩ ዙሪያ ያለችው ትንሽ ውሃ ዩሪያውን ጠጥታ ከሥሩ ይልቅ ወፈረች። ሥሩ ውሃ መሳብ አልቻለም፤ እንዲያውም ያለውን አጣ። ልክ ነኝ?

የጠመኔ አቧራ | ረቡዕ ማታ 2፡00

ልክ ነህ የኔ ልጅ። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያም ሥሩን ይጎዳል፤ ግን ውሃ መነጠቁ ትልቁ ጉዳት ነው። ለዚህ ነው ከአገዳው ራቅ አድርጎ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ አፈር እያለበሱ የሚደረገው።

አሚባራ ያለው ችግርም የዚሁ ዘመድ ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይ ጥጥ በመስኖ ለዓመታት ተመረተ። ውሃው በደንብ የሚወጣበት ቦይ ስላልነበረ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ። ፀሐይ ውሃውን ወሰደች፣ ጨው ቀረ። ብዙ መሬት ነጥቶ ተተወ። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የሚጠማ ተክል ማየት ከባድ ነው። ገብስና ጥጥ ጨው ይችላሉ። ባቄላና በቆሎ አይችሉም።

ተክል ከእኛ የሚለይበት ነገር ደግሞ አለ። ሴሉ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ውሃ ሲገባ አይፈነዳም፣ ይወጠራል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከመኪና ጎማ ይበልጣል። ጉሊት ላይ ጎመን ሻጮች ውሃ እየረጩ የሚውሉት ይሄ ውጥረት እንዳይረግብ ነው።

የሮክ ክሪክ ሯጭ | ረቡዕ ማታ 4፡40

ከዲሲ ነው። ውሃ ሲበዛም እንደሚጎዳ ሰው አያምንም። በእኔ ስለደረሰ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ማራቶኔ ነበር። ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። "ሳይጠማህ ጠጣ" ተብዬ ስለነበር በየጣቢያው ሁለት ሁለት ኩባያ ውሃ ጠጣሁ። ስጨርስ ራሴን ወጋኝ፣ አስመለሰኝ። ጓደኛዬ ውሃ ጠፍቶበት ነው ብሎ ሌላ ውሃ ሰጠኝ። ቀለበቴ ጣቴን አንቆት ነበር፣ እጄ አብጧል። ሆስፒታል ሶዲየሜ 126 ተባለ። ጤነኛው ከ135 እስከ 145 ነው።

የሌሊት ተረኛ | ሐሙስ ሌሊት 7፡10

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ! ደሙ ሲቀጥን ውሃ ወደ ሴሎች ይገባል። እጅ ቢያብጥ ቦታ አለው። አንጎል ግን በራስ ቅል ታጥሯል፣ የሚሰፋበት የለውም። ራስ ምታቱና ትውከቱ ከዚያ ነው። መምህር ያሉት ቫሶፕረሲንም አለበት። ረጅም ሩጫ ላይ ይሄ ሆርሞን ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ኩላሊት ትርፉን ውሃ አይለቅም። በ2002 ቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ተመርምረው ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሲጠማህ ጠጣ። ከሩጫው በፊት ከነበረህ ክብደት ጨምረህ ከጨረስክ ከሚገባው በላይ ጠጥተሃል።

ተረኛ ነኝ፣ ጠሩኝ።

የኪያ እናት | ሐሙስ ማታ 1፡45

ኪያ አንድ ጥያቄ አለችኝ ትላለች፦ "የባሕር ዓሣ ጨው ውሃ ውስጥ እየኖረ ለምን አይደርቅም?"

የጠመኔ አቧራ | ሐሙስ ማታ 2፡20

ይደርቅ ነበር፣ ካልታገለ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከዓሣው ደም ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ የባሕር ዓሣ ውሃ ያለማቋረጥ ይጠጣል፣ ጨውን በስንጥቡ በኩል ያወጣል፣ ሽንቱ ትንሽ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ያለው ቆሮሶ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ በራሱ ይገባበታል፤ ብዙና ቀጭን ሽንት ይሸናል፣ ጨውን በስንጥቡ ከሐይቁ ይለቅማል። ሁለቱም የሚሠሩት ጨው ላይ ነው።

የኪያ እናት | ዓርብ ማታ 1፡15

የዛሬውን ላካፍላችሁ። ያንን 81 ግራም እንቁላል ረቡዕ ማታ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስገብተነው ነበር። ትናንት ጠዋት 88 ሆነ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አሟሙታ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ፣ እዚያ ውስጥ ከተተችው። ሳትመዝነው በፊት "ከ70 ይወርዳል" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ዛሬ ማታ አወጣነው። ቆዳው ረግቦ ተጨማዷል። አስኳሉ በቆዳው በኩል ጎልቶ ይዳሰሳል። ጎረቤታችንም ልታይ መጣች። 57 ግራም።

አሁን መልሳ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከታዋለች። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ቀስቅሺኝ፣ ልመዝነው ብላ ተኛች።